ሮቶው ላይ የወጣች ኮምፒውተር

እህቴ ቤት ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት። ግቢው ውስጥ በብረት ማማ ላይ የተሰቀለ ሺህ ሊትር የሚይዝ ጥቁር ሮቶ አለ። የቤቱ ኑሮ የሚሰፈረው በእሱ ነው። ዛሬ ብርድ ልብስ ይታጠብ ወይስ ይቆይ የሚል ጥያቄ ሲነሣ አንድ ሰው መሰላል ይወጣና የሮቶውን ሆድ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ድምፁ ክፍት ከሆነ ባዶ ነው፤ ድፍን ሲል ውሃው እዚያ ጋ ደርሷል።

ይህ ሥራ የእህቴ ልጅ ድርሻ ነበር። የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ናት፣ አራተኛ ዓመት። ባለፈው ክረምት ዝናብ ባራሰው መሰላል ላይ እግሯ አዳለጣት፤ ክፉ ነገር አልደረሰባትም፣ ክርኗ ብቻ ተላጠ። ማታ ቁስሏን እያጠበች፣ «አጎቴ፣ ሮቶውን እኔ ማንኳኳት የለብኝም። የሚያንኳኳልኝ እሠራለሁ» አለችኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቷ በዚያች ማታ ተወሰነ።

የሚያንኳኳው ነገር ገበያ ላይ አለ። ኤችሲ-ኤስአር04 የሚባል፣ ሁለት ክብ ዓይን ያለው የሚመስል ርካሽ ሴንሰር ነው። በአንዱ ዓይኑ ጆሮ የማይሰማው 40 ኪሎኸርዝ ድምፅ ይለቃል፤ በሌላው የገደል ማሚቶውን ይጠብቃል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛልና ማሚቶው እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ርቀቱን ይናገራል። የጣት አንጓዋ ሲሠራ የኖረውን ሥራ ነው የሚሠራው፤ ልዩነቱ ከላይ ወደ ታች ማድመጡ ነው። ማሚቶውን የሚቆጥር፣ የሚመዘግብና በሥዕል የሚያሳይ አንጎል ግን ያስፈልገዋል። አንጎሉ ከዋሽንግተን በመጣ ዘመድ ሻንጣ ጥግ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ ደረሰ፦ ራዝቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ።

ቦርዷን መዳፏ ላይ አስቀምጣ አሳየችኝ። 65 በ30 ሚሊሜትር ናት፤ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ትረዝማለች። በውስጧ ግን ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰርና 512 ሜጋባይት ሚሞሪ አለ፤ ሙሉ ሊኑክስ ትጭናለች፣ እንደማንኛውም ኮምፒውተር መስኮትና ፎልደር ያለው ዴስክቶፕ ታወጣለች። የምታወጣበት ስክሪን ግን የላትም። ኪቦርድም ማውስም የላትም። ቤት ውስጥ ያለው ብቸኛ ትልቅ ስክሪን የሳሎኑ ቴሌቪዥን ነው፤ እሱን ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ከእህቴ እጅ ማስለቀቅ አይሞከርም። ቢለቀቅም የቦርዷ መውጫ ሚኒ ኤችዲኤምአይ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ማገናኛ ፍለጋ ሁለት ቀን ዞረን አጣን። ዋናው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ቦርዷ ነገ ሮቶ ላይ ትወጣለች። ቴሌቪዥን ተሸክሞ መሰላል የሚወጣ የለም።

የነበረን አንድ ያገለገለ ላፕቶፕና ገመድ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ገመድ ነው። በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ኮምፒውተሯን መብራት ማጠጣት፣ ኔትወርክ መዘርጋትና ስክሪኗን ወደ ላፕቶፑ ማምጣት ይቻላል። ሦስቱም በአንድ ገመድ። ሞኒተር መግዛት ስላልቻሉ እንዲህ ያለ ቦርድ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው የተዉ ተማሪዎች አውቃለሁ፤ ሲነግሩኝ አንጀቴን ይበላኛል። መግቢያው እጃቸው ላይ እያለ ነው የተዉት።

ስለ ዜሮ አመጣጥ ጥቂት ልበል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ራዝቤሪ ፓይ ለሽያጭ የቀረበው የካቲት 29 ቀን 2012 ነው፣ በ35 ዶላር። ሐሳቡ የተወለደው እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ሲሆን፣ ኤበን አፕተንና ባልደረቦቹ ኮምፒውተር ሳይንስ ሊማሩ የሚመጡ ወጣቶች ቁጥርና ዝግጅት እየቀነሰ መሄዱ አሳስቧቸው የጀመሩት ነው። ልጆች ሰብረው ቢጥሉት የማይቆጭ፣ ርካሽ ኮምፒውተር ፈለጉ። ኅዳር 2015 ላይ ዜሮን በ5 ዶላር አወጡ፤ ያኔ ማግፓይ ይባል የነበረው መጽሔታቸው ደግሞ 40ኛ ዕትሙን ሽፋኑ ላይ እውነተኛ ኮምፒውተር ለጥፎ ሸጠ። ኮምፒውተር የመጽሔት ስጦታ ሆነ! እኔ መጽሔት ላይ የምጽፍ ሰው ነኝና ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይሞቃል።

ዋጋው እዚያ የወረደው ብዙ ነገር ተቀንሶ ነው። የተተወው አንድ ነገር ግን ለእኛ በረከት ሆነ። እሱን ለመረዳት ዩኤስቢ ራሱ እንዴት እንደሚነጋገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ዩኤስቢ የእኩዮች ጨዋታ አይደለም። እንደ ችሎት ነው፤ አንዱ ዳኛ፣ ሌላው ምስክር። ዳኛው ይጠይቃል፣ ምስክሩ ሲጠየቅ ብቻ ይመልሳል። ላፕቶፕ ዳኛ ነው፤ ፍላሽ፣ ማውስ፣ ፕሪንተር ምስክሮች ናቸው። ማውሱን ስታንቀሳቅሱት እንኳ ራሱ ተነሥቶ አይናገርም፤ ላፕቶፑ በየጥቂቱ «ምን አዲስ ነገር አለ?» እያለ ስለሚጠይቀው ነው የሚመልሰው። ሁለት ዳኞችን በገመድ ብታገናኙ ሁለቱም ይጠይቃሉ፣ መልስ የሚሰጥ የለም። ሁለት ላፕቶፖችን በተራ የዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ምንም ያልሆነለት ሰው ምክንያቱ ይሄ ነው። በ2001 ግን ኦን-ዘ-ጎ የተባለ ተጨማሪ ደንብ ወጣ፤ አንድ መሣሪያ እንደ ሁኔታው ዳኛም ምስክርም እንዲሆን የሚፈቅድ። ስልካችን አንዴ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ፍላሽ የሚሆነው፣ ሌላ ጊዜ ፍላሽ ሲሰካበት የሚያነብበው በዚህ ነው።

በትልልቆቹ የዚያ ዘመን ፓይዎች፣ ለምሳሌ በ3ቢ ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ የሚወጣው ብቸኛው የዩኤስቢ መስመር ወደ አራቱ ቀዳዳዎች ከመድረሱ በፊት በማከፋፈያ ቺፕ ያልፋል። ማከፋፈያው ዳኝነትን ብቻ ነው የሚያውቀው። ዜሮ ላይ ወጪ ለመቀነስ ያ ቺፕ ቀረ፤ ቀዳዳው በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር ተገናኘ። ስለዚህ ዜሮ ምስክር መሆን ትችላለች። ላፕቶፑ «ማነሽ?» ሲላት «የኔትወርክ ካርድ ነኝ» ብላ ትመልሳለች፤ ላፕቶፑም አምኖ ይቀበላታል። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ የኔትወርክ ገመድ ነው። ፓይ 4 እና 5 ላይም በመብራት መቀበያው የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ በኩል ይህ ይቻላል፤ ግን እነሱ መብራት የሚጠጡት በብዙ ነው፣ የላፕቶፕ ቀዳዳ አይበቃቸውም ይሆናል። ለዚህ ሥራ ዜሮን የሚያህል የለም።

አሁን ሥራው ወደ ተጀመረበት ማታ እንመለስ።

ሚሞሪ ካርዱ ላይ ሲስተሙን ከጫነች በኋላ ካርዱን ላፕቶፑ ላይ እንደሰካች ሁለት ፋይሎች ነካች። ኮንፊግ በሚባለው ፋይል መጨረሻ ላይ ዲደብልዩሲ2 የተባለውን የዩኤስቢ ተቆጣጣሪ የሚያስነሣ አንድ መስመር ጨመረች። ሲኤምዲላይን በሚባለው ደግሞ፣ ሩትዌይት ከሚለው ቃል ቀጥሎ፣ ዲደብልዩሲ2ን እና ጂ-ኢተርን ጫን የሚል ትእዛዝ አስገባች። ጂ-ኢተር ነው ቦርዷን «የኔትወርክ ካርድ ነኝ» የሚያሰኛት። ይህ ሁለተኛው ፋይል ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ኢንተር ተነክቶ ለሁለት ከተከፈለ ቦርዷ ላትነሣ ትችላለች። ትንፋሿን ውጣ ነው የጻፈችው።

ገመዱን ሰካች። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። ላፕቶፑ ዝም። አምስት ደቂቃ ጠበቅን፤ ዝም። ነቅላ ሰካች፤ ዝም።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። «ተበላሽታ ነው የመጣችው» ይልና ይተዋታል። እሷ ግን ገመዱን ጠረጠረች። ከሠፈር ሱቅ ከቻርጀር ጋር የተገዛ ገመድ ነው። ምላጭ አምጥታ መሐሉን ሰነጠቀችው። ከጎማው ሥር የወጡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ነበሩ፤ ቀይና ጥቁር። ቀዩ 5 ቮልት ይወስዳል፣ ጥቁሩ ይመልሳል። ስልክ ለመሙላት ሁለቱ ይበቃሉ። መረጃ የሚያመላልሱት አረንጓዴውና ነጩ ግን ከመጀመሪያውም አልገቡበትም። ዳኛውና ምስክሩ አንድ ችሎት ተቀምጠው መካከላቸው ግድግዳ ነበር። ከውጭ አይቶ መለየት ደግሞ አይቻልም፤ ሁለቱ ዓይነት ገመዶች መንታ ይመስላሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በዚያ ገመድ ስልክን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ፎቶ ለመገልበጥ መሞከር። ፎቶ ካለፈ ገመዱ ሙሉ ነው።

የእኔን የድሮ የካሜራ ገመድ አመጣሁ። አሁንም ዝም። ለካስ ቀዳዳው ነበር። በቦርዷ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጥፍር የማይሞሉ፣ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው። ወደ ዳር ያለው መብራት ብቻ ይቀበላል። ከኤችዲኤምአዩ አጠገብ ያለው ነው የሚናገረው፣ መብራትም በዚያው ይገባል። ጽሑፉ ቦርዷ ላይ አለ፤ ግን ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። ወደ ሁለተኛው ስታዛውረው ላፕቶፑ «ዲንግ» አለ። እህቴ ከሳሎን፣ «ምን ሰበራችሁ?» አለችን።

«ዲንግ» መስማት ግን መግባት አይደለም። ላፕቶፑ ቦርዷን ያወቃት የኔትወርክ ካርድ አድርጎ ሳይሆን ተራ የሲሪያል መሣሪያ አድርጎ ነበር። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ገብታ ከኔትወርክ ካርዶች ዝርዝር ሪሞት ኤንዲስ የሚለውን ድራይቨር በእጇ መረጠችለት። ታወቀች። ግን አድራሻ የለም። በስሟ ስንጠራት መልስ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ሌሊት ሙሉ ጠፋብን። የምንከተለው መመሪያ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ነበር፤ በዘመኑ ትክክል የነበረ መመሪያ። በድሮው የራዝቤሪ ፓይ ሲስተም አድራሻ የሚጠይቀው ዲኤችሲፒሲዲ የሚባል ፕሮግራም ነበር። እሱ አድራሻ የሚሰጠው ካጣ ራሱ በ169.254 የሚጀምር አንድ መርጦ ይይዛል፤ ላፕቶፑም እንዲሁ ያደርጋል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ግን ቡክዎርም የተባለው ሲስተም ይህን ሥራ ለኔትወርክ ማናጀር አስረከበ። ኔትወርክ ማናጀር በነባሪው አድራሻ ሰጪ ይጠብቃል እንጂ ለራሱ አይቆርጥም። በዚያ ላይ እንደ ጂ-ኢተር ያሉትን የማስመሰያ መገናኛዎች አትንካ የሚል ደንብ ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ቦርዷ በሩ ላይ ቆማ አድራሻ የሚሰጣት ትጠብቃለች፣ ላፕቶፑም እንዲሁ። የሚያሳዝነው ስህተት የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ሁለቱም ጨዋዎች ናቸው፤ ማንም ቀድሞ አልተናገረም።

መፍትሔውን እሷ ናት ያገኘችው። ለአንድ ጊዜ ብቻ በስልኳ ሆትስፖት ገባች። ካርዱን ስትጭን የሆትስፖቱን ስምና ፓስወርድ አብራ አስገብታ ነበርና ቦርዷ ስትነሣ ራሷ ተገናኘች። (ለዚህ የኢንተርኔት ካርድ መሙላት አያስፈልግም፤ ሆትስፖት ዳታ ባይኖረውም ሁለት መሣሪያዎችን ያገናኛል።) ከዚያ በኤስኤስኤች ገብታ ያንን «አትንካ» የሚለውን ደንብ ሻረችው፤ ቀጥላ በዩኤስቢው መገናኛ ላይ «አጋሪ» የሚባለውን ዓይነት ግንኙነት ፈጠረች። በዚህ ዓይነት ቦርዷ ራሷ አድራሻ አዳይ ትሆናለች፤ ለራሷ 10.42.0.1 ትይዛለች፣ ለላፕቶፑ ከዚያው ሠፈር ሌላ ትሰጠዋለች። ማን ቀድሞ ይናገር የሚለው ጉዳይ ተፈታ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ መመሪያ ይዘለዋል። ጂ-ኢተር በተነሣ ቁጥር ለራሱ በዘፈቀደ አዲስ የመለያ ቁጥር ያወጣል። ላፕቶፑም በየጊዜው አዲስ ሰው የመጣ ስለሚመስለው ኔትወርክ 2፣ ኔትወርክ 3 እያለ ይመዘግባል። ቋሚ መለያ ቁጥር በእጅ ከተጻፈለት ነገሩ ያርፋል። ይህን ሳታደርግ ኔትወርክ 11 ደርሳ ነበር።

ኤስኤስኤች ያልኩት በጽሑፍ ብቻ የሚያስገባው መንገድ ነው። በ1995 ታቱ ኢሎነን የተባለ ፊንላንዳዊ፣ በሚሠራበት የዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ ሰላይ ከተገኘ በኋላ የጻፈው ነው፤ የሚያልፈውን ሁሉ ይቆልፋል። ለአብዛኛው ሥራ እሱ ይበቃል፤ ፈጣን ነው፣ ለቦርዷም ቀላል። ልጅቷ ግን ሥዕል ፈለገች፤ የውሃው መጠን በሰዓታት ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳይ ግራፍ፣ እናቷ አይታ የምትረዳው። ለዚያ ዴስክቶፑ ራሱ ወደ ላፕቶፑ መምጣት አለበት። ይህን የሚያደርገውን ቪኤንሲን ከሴቲንጉ አበራች፣ ላፕቶፑ ላይ መመልከቻውን ከፈተች፣ 10.42.0.1 ብላ ጻፈች። ፓስወርድ ጠየቃት። ሰጠችው። ጥቁር ስክሪን ወጣ፤ መሐሉ ላይ ዴስክቶፑን አሁን ማሳየት አልተቻለም የሚል ጽሑፍ።

ምክንያቱን ሳውቀው ወደድኩት። ቦርዷ ሞኒተር ስላልተሰካባት የሚሣልበት ነገር የለም ብላ ምንም አልሣለችም ነበር። «የሚያየኝ ከሌለ ለምን እሣላለሁ?» እንደማለት። ሴቲንጉ ውስጥ የቪኤንሲ ስክሪን ስፋት የሚል ቦታ አለ፤ 1280 በ720 ብላ መረጠችላት፣ አጥፍታ አስነሣቻት። ከደቂቃ በኋላ የላፕቶፑ ስክሪን ላይ ሌላ ስክሪን ተከፈተ፦ የዜሮዋ ዴስክቶፕ፣ ከነፎልደሩ፣ ከነሰዓቱ። ማውሱን ስታንቀሳቅስ እዚያ ቀስት ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ምንም አላለችም። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እህቴ ያን ሰዓት ቡና እያፈላች ነበር። እኔም አንድ ታሪክ ነበረኝ፣ ነገርኳቸው።

በ1991 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ውስጥ ትሮጃን ሩም የሚባል ክፍል ነበር፤ በሩ አጠገብ አንድ የቡና ማሽን። ሌላ ፎቅ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ቡና ሽተው በደረጃ ተጉዘው ሲደርሱ ማሰሮው ባዶ ይሆናል። ኩዌንቲን ስታፎርድ-ፍሬዘርና ፖል ጃርዴትስኪ አንድ ካሜራ ማሰሮው ላይ አነጣጠሩ፤ ምስሉን በላቦራቶሪው ኔትወርክ ወደየሰዉ ስክሪን አመጡት። ማንም ከወንበሩ ሳይነሣ ቡና መኖሩን ያያል። በ1993 ምስሉ ወደ ኢንተርኔት ወጣ፤ ካሜራው በነሐሴ 2001 እስኪጠፋ ድረስ የዓለም ሕዝብ ያንን ማሰሮ ሲያይ ኖረ።

«ባዶ ጀበና እንዳይጠብቃቸው ነዋ!» አለች እህቴ ረከቦቱን እያስተካከለች። «እኛም ለውሃ ይሄንኑ አይደል የምንሠራው?»

ልክ ናት። ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። ያው ስታፎርድ-ፍሬዘር ቆየት ብሎ በዚያችው ከተማ በኦሊቬቲ የምርምር ላቦራቶሪ ከትሪስታን ሪቻርድሰን፣ ከኬኔት ዉድና ከአንዲ ሆፐር ጋር አንድ ሥራ ሠራ፤ የአንዱን ኮምፒውተር ስክሪን በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚያሳይ። ቪኤንሲ ነው ያ። በ1998 ጽሑፋቸውን አሳተሙ፣ ፕሮግራሙንም ለማንም ክፍት አድርገው ለቀቁት። ላቦራቶሪው በ2002 ሲዘጋ አንዳንዶቹ ወጥተው ሥራውን ቀጠሉ። የዜሮዋ ፕሮሰሰር ዘር ግንድም እዚያው ነው፤ በ1985 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው አርም ቺፕ ካምብሪጅ ውስጥ ኤኮርን በተባለ ድርጅት በሶፊ ዊልሰንና በስቲቭ ፈርበር ተነደፈ። ራዝቤሪ ፓይም የዚያች ከተማ ልጅ ነው። በእህቴ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ክንድ ገመድ የተገናኙት ነገሮች አብዛኞቹ ጎረቤታሞች ነበሩ።

ቪኤንሲ ሥራውን የሚሠራበት መንገድ ከቁጥር ጋር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። 1280 በ720 ስክሪን 921,600 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዷ ነጥብ ቀለም ሦስት ባይት ብንመድብ አንድ ሥዕል 2.8 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሰከንድ 30 ጊዜ ሙሉውን እንላከው ብንል ከ660 ሜጋቢት በላይ ይሆናል። የዩኤስቢ 2.0 ጣሪያ ግን 480 ነው፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ገመዱ አይችለውም። ቪኤንሲ ግን ሙሉ ሥዕል አይልክም። የተለወጠውን አራት ማዕዘን ቁራጭ ብቻ ቆርጦ «እዚህ ቦታ ላይ ይህን ለጥፍ» ይላል። ሰዓቱ ከ3:41 ወደ 3:42 ሲዞር የሚሄደው ሰዓቱ ያለባት ጥግ ብቻ ናት። ለግራፍ፣ ለጽሑፍ፣ ለፎልደር ይህ ከበቂ በላይ ነው። ፊልም ለማየት ግን አይሆንም፤ ሁሉም ነጥብ ሁልጊዜ ስለሚለወጥ ይንቀራፈፋል።

ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ መብራት ሄደ።

ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ የጎረቤት ሙዚቃ ተቋረጠ፣ ግቢው ጨለመ። የላፕቶፑ ስክሪን ግን እንደበራ ነው፤ በውስጡም የዜሮዋ ዴስክቶፕ። ቦርዷ የምትጠጣው ከላፕቶፑ ባትሪ ነውና መብራት መሄዱን አላወቀችም። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ እስከ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ ለዜሮ 2 ደብልዩ የሚመከረው ቻርጀር 2.5 አምፔር ነው፣ ግን ሌላ ነገር ካልተሰካባት ለእንዲህ ያለ ሥራ ቀዳዳው በቅቷታል። ኢንተርኔትም ቢቋረጥ ለውጥ የለም፤ ገመዱ ማንንም አያስፈቅድም። ለመማር መብራትንና ኔትወርክን መጠበቅ ግዴታ በሆነበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጅቷ በባትሪው ብርሃን እስከ አምስት ሰዓት ስትሠራ አመሸች።

ከላፕቶፑ መጠጣት ግን ጉዳትም አመጣ። በሦስተኛው ቀን ደክሟት ላፕቶፑን እንደዋዛ ከደነችው። ላፕቶፑ ተኛ፤ ሲተኛ የዩኤስቢውን መብራት ይቆርጣል። ቦርዷ በዚያች ቅጽበት ካርዱ ላይ እየጻፈች ነበር። ጠዋት አልተነሣችም፤ የካርዱ ፋይሎች ተበላሽተዋል። የሦስት ቀን ፕሮግራሟ አብሮ ሄደ፤ ሌላ ቦታ አልገለበጠችውም ነበር። ዓይኗ ቀልቶ ነው ያገኘኋት። ገመዱን መንቀል ማለት ኮምፒውተርን ከግድግዳ መንቀል እንደሆነ በደንብ ገባን። አሁን መጀመሪያ አጥፊ የሚለውን ትእዛዝ ትሰጣለች፣ አረንጓዴዋ መብራት እስክትረጋ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ነው የምትነቅለው። ፕሮግራሟም በየማታው ወደ ላፕቶፑ ይገለበጣል።

ሌላ መባል ያለበት ነገር አለ፣ እሱንም ለልጅቷ በጥብቅ ነግሬያታለሁ። ቦርዷ «የኔትወርክ ካርድ ነኝ» ስትል ላፕቶፑ አመናት። ማንም እንዲህ ቢለው ያምናል። ሳሚ ካምካር የተባለ የደኅንነት ባለሙያ በ2016 ይህንኑ አሳየ፤ ፖይዝንታፕ ብሎ በሰየመው ሥራ በዚያች ባለ 5 ዶላር ዜሮ፣ ስክሪኑ በፓስወርድ የተቆለፈ ግን ብራውዘሩ ክፍት የሆነ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ፣ የኢንተርኔት ጉዞውን ወደ ራሱ አዞረ። መንገዱ የእኛው መንገድ ነው። ስለዚህ የማይታወቅ የዩኤስቢ ነገር ላፕቶፕ ላይ አይሰካም፤ ወንድም ቢሰጥም ይጠየቃል። ቦርዷም ራሷ ደጅ አላት። በድሮው ሲስተም ሁሉም ፓይ አንድ ዓይነት ስምና ፓስወርድ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ኤስኤስኤች ካልተፈቀደለት አይከፈትም፣ ከሚያዝያ 2022 ወዲህ ደግሞ ያ የተለመደ ስም ራሱ ቀርቷል፣ እያንዳንዱ የራሱን ይሰይማል። በገመድ ብቻ የምትገኝ ኮምፒውተር ከውጭ ሰው የራቀች ናት። ሮቶ ላይ ወጥታ በዋይፋይ የምትናገር ቀን ግን ጠንካራ ፓስወርድ ያስፈልጋታል።

ባለፈው ቅዳሜ ወጣች። ቦርዷን በፕላስቲክ የምሳ ዕቃ ውስጥ አደረግናት፤ ሴንሰሩን ከሮቶው ክዳን በታች አፉን ወደ ውሃው አድርገን አሰርነው። ሴንሰሩ የሚመልሰው ድምፅ በ5 ቮልት ነው፤ የቦርዷ እግሮች ግን ከ3.3 በላይ አይችሉም። ስለዚህ በመካከላቸው ቮልቱን የሚቀንሱ ሁለት ሬዚስተሮች ገብተዋል፤ እሷ ራሷ የበየደቻቸው፣ ትንሽ የተንጋደዱ። መሰላሉን እኔ ይዣለሁ። እሷ ላይ ናት፤ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ገመዱን ከምሳ ዕቃው ቀዳዳ አውጥታ ሰካችው። ፀሐዩ ስክሪኑን ስለወጋው በነጠላዋ ጋረደችው፤ ከነጠላው ሥር ገብታ ነው የምታየው።

ከታች እህቴ በእጇ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይዛ ቆማለች።

«ስንት ደርሷል?»

ነጠላው ውስጥ ጸጥታ ሆነ። የሮቶው ጥልቀት 120 ሳንቲም ነው፤ ከሴንሰሩ እስከ ውሃው ያለው ርቀት ከዚያ ይቀነሳል። ማሚቶው ለመመለስ 3 ሚሊሰከንድ እንኳ አልፈጀበትም።

«48 ሳንቲም ባዶ ነው! 72 ውሃ አለ!»

እህቴ ግን አላመነችም። ወደ ማማው ተጠጋችና የሮቶውን ሆድ እጇ እስከደረሰበት አንኳኳች፤ ድፍን አለ። ከፍ ብላ በመጥረጊያው እንጨት አንኳኳች፤ ድፍን። ትንሽ ከፍ አደረገችው፤ ክፍት አለ። በዓይኗ ለካችና ብርድ ልብሱን ወደ ማጠቢያው ሳፋ ይዛ ሄደች።